ስለ ዐጥንት ስብራት አገላለጽና አጠጋገን በታሪክ

«የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም» የሚለው ተረት ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው አንደበቱን መግታት ያቃተውን ሰው ለመገሠጽ ነው። ነገር ግን ተረቱ ከምክርነቱ ሌላ የሕክምና ታሪክ ምስክርም ነው። አፉ ሳይሆን እግሩ ወለም ያለው ሰው በቅቤ ይታሽ እንደ ነበር፥ መታሸቱም ያሽለው እንደ ነበር ተናጋሪውም ሰሚውም ያውቁታል፤ ይህን ባያውቁ ኖሮ ተረቱ ትርጉም ባልኖረው ነበር። ሕዝቡ የሚታሸውን ጉዳት ከማይታሸው ለይቶ ለየራሱ ስም ሰጥቶታል። ዐጥንቱ ከቦታው ሳይለቅ ጅማቱ ሲጎዳ ወለምታ ይባላል፤ ዐጥንቱ ከመጋጠሚያው ሲወጣ ውልቃት ይባላል፤ ዐጥንቱ ራሱ ሲከፈል ስብራት ይባላል። ሦስቱን የሚለየው ወጌሻ ነው፤ የሚለየውም በእጁ ነው።

ይህ የስሞች አለያየት አንድ ጥያቄ ያስነሣል። ዐጥንት በሥጋና በቆዳ የተሸፈነ ስለ ሆነ የተሰበረውን ሰው የሚያክም ሁሉ የማያየውን ነገር መግለጽ አለበት። ታዲያ የሰው ልጅ ያላየውን ስብራት በምን ዐወቀው? በምን ቃልስ ገለጸው? አገላለጹስ በአካሚው ሥራና በታማሚው ዕጣ ላይ ምን ለውጥ አደረገ? የዚህ ጽሑፍ ሐሳብ የሚከተለው ነው። የስብራት አገላለጽ በየዘመኑ የተመሠረተው ገላጩ በነበረው የማወቂያ መንገድ ላይ ነው፤ መጀመሪያ በእጅ ዳሰሳ፥ ቀጥሎ ሬሳን ከፍቶ በመመርመር፥ በመጨረሻም በጨረር። መንገዱ በጠራ ቁጥር ስለ ዐጥንቱ የሚነገረው እየረቀቀ ሄደ፤ ዐጥንቱን የሚያድኑት ደምና ሥጋ ግን ብዙ ጊዜ ከመግለጫው ውጭ ቀሩ። በዚህ መዘንጋት ምክንያት እጅና እግር የጠፋው በወጌሻ ቤት ብቻ አልነበረም፤ በሊቃውንት ሆስፒታልም ጭምር ነበረ። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።

ስለ ስብራት ከተጻፉት እጅግ ጥንታውያን ጽሑፎች አንዱ በግብፅ የተገኘ ነው። ኤድዊን ስሚዝ የተባለው አሜሪካዊ በ1862 ዓ.ም. በሉክሶር የገዛው የፓፒረስ ጥቅል ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1600 ዓመት ገደማ የተገለበጠ ሲሆን፥ የመጀመሪያው ጽሑፍ ከዚያም የቀደመ እንደ ሆነ ሊቃውንት ይናገራሉ። ጀምስ ሄንሪ ብሬስተድ የተባለው የግብፅ ታሪክ ሊቅ በ1930 ዓ.ም. ተርጕሞ አሳትሞታል። በጥቅሉ ውስጥ 48 ጉዳቶች ከራስ ጀምሮ ወደ ታች በተራ ተገልጸዋል። የእያንዳንዱ አቀራረብ አንድ ዐይነት ነው፤ አስቀድሞ ጉዳቱ ይሰየማል፥ ከዚያ አካሚው በእጁ ምን እንደሚዳስስና በዐይኑ ምን እንደሚያይ ይነገራል፥ ቀጥሎ ፍርዱ ይሰጣል። ፍርዱም ሦስት ነው፤ የሚታከም፥ የሚታገሉት፥ የማይታከም።

ለዚህ ጥናት የሚጠቅመው ነገር ፍርዱ በምን ላይ እንደ ተመሠረተ ማየት ነው። የላይኛው ክንድ ዐጥንት ተሰብሮ ቆዳው ደኅና ከሆነ ታማሚው በጀርባው እንዲተኛ፥ በትከሻዎቹ መካከል የታጠፈ ነገር እንዲገባ፥ ክንዱ ተስቦ ዐጥንቱ እንዲገጥም፥ በሁለት የበፍታ መደገፊያም እንዲታሰር ታዝዟል፤ ይህ የሚታከም ነው። የዚያው ዐጥንት ስብራት ቁስል ሲኖረውና ቁስሉ ወደ ስብራቱ ዘልቆ ደም ሲወርድ ግን የማይታከም ተብሏል። ዐጥንቱ ያው ነው፤ ፍርዱን የለወጠው በላዩ ያለው ሥጋ ነው። እንግዲህ የጥንቱ ጸሐፊ የስብራትን ክፋት የመዘነው በዐጥንቱ አከፋፈል ሳይሆን በቆዳው መከፈት ነው።

በላይኛው ግብፅ ናጋ ኤድ ዴር በተባለው ስፍራ ከአምስተኛው ሥርወ መንግሥት መቃብሮች የእንጨት መደገፊያ እንደ ታሰረባቸው የተቀበሩ የሰው አካላት ተገኝተዋል። ግራፍተን ኤልዮት ስሚዝ በ1908 ዓ.ም. ስለ እነርሱ ሲጽፍ አንዱ የጭን ስብራት፥ ሌላው የክንድ ስብራት እንደ ነበረ ገልጿል። እንጨቶቹ በበፍታ ተጠቅልለዋል። መደገፊያው ሳይፈታ መቀበራቸው ሞት ከመዳን እንደ ቀደመ ያስረዳል። ሆኖም አስተሳሰሩን የተመለከተ ሰው ዛሬ በገጠር ከሚታየው የወጌሻ አስተሳሰር ብዙም የራቀ እንዳልሆነ ሊፈርድ ይችላል።

ከግብፅ ቀጥሎ ሰፊ መግለጫ የሚገኘው በግሪኮች ዘንድ ነው። በሂፖክራጥስ ስም ከሚታወቁት መጻሕፍት አንዱ ስለ ስብራት ብቻ የተጻፈ ነው። መጽሐፉ ስብራቱን በሚድንበት የቀን ቍጥር ይመዝናል፤ ለታችኛው ክንድ 30 ቀን ያህል፥ ለላይኛው ክንድና ለቅልጥም 40 ቀን፥ ለጭን 50 ቀን ይሰጣል። ከዚህ ይልቅ የሚያስደንቀው ግን ስለ ማሰሪያው ያለው ጥንቃቄ ነው። በታሰረ ማግስት በእጁ ጫፍ ላይ ትንሽና ለስላሳ እብጠት ቢታይ ማሰሪያው ልክ ነው፤ ትልቅና ጠንካራ እብጠት ቢታይ ግን ከመጠን በላይ ጠብቋል። በሦስተኛው ቀን ማሰሪያው ተፈቶ እንደ ገና መታሰር አለበት፤ ጠንካራው መደገፊያ የሚጨመረው እብጠቱ ከጎደለ በኋላ በሰባተኛው ቀን ገደማ ነው። ይህን የጻፈው ሰው የደም ዝውውርን አላወቀም፤ ነገር ግን የማሰሪያውን ልክነት ከማሰሪያው ውጭ ባለው ጣት ላይ ማንበብን ዐውቋል።

ይህ ዕውቀት በእስላም ዓለም ሊቃውንት እጅ ተጠብቆ ቆየ። በኮርዶባ አገር የነበረው አልዛህራዊ፥ በ1013 ዓ.ም. ገደማ የሞተው፥ በሠላሳ ክፍል የጻፈው መጽሐፍ የመጨረሻ ክፍል ስለ ቀዶ ሕክምና ሲሆን ስብራትንና ውልቃትን በሰፊው ይገልጻል። በአሥራ ሁለተኛው መቶ ዓመት የክሬሞናው ጄራርድ ወደ ላቲን ስለ ተረጐመው የአውሮፓ ሐኪሞች ለብዙ ዘመን ተማሩበት።

በአሥራ ስምንተኛው መቶ ዓመት ስብራት በገላጩ ሰው ስም መጠራት ጀመረ። ፐርሲቫል ፖት የተባለው የለንደን ሐኪም በ1756 ዓ.ም. ከፈረስ ወድቆ እግሩ ተሰበረ፤ ዐጥንቱም ቆዳውን ቀዶ ወጣ። የሕይወት ታሪኩን የጻፈው አማቹ እንደሚነግረን፥ ፖት ማንም እንዲያንቀሳቅሰው አልፈቀደም፤ መዝጊያ አስገዝቶ በሁለት መሸከሚያ ላይ አስቸነከረና በዚያ ተሸክመው ወደ ቤቱ ወሰዱት። የተሰበሰቡት ሐኪሞች እግሩ እንዲቆረጥ ከወሰኑ በኋላ የቀድሞ መምህሩ ኤድዋርድ ኖርስ ደርሶ እግሩ ሊተርፍ ይችላል ስላለ ሳይቆረጥ ዳነ። ፖት በ1768 ዓ.ም. ባሳተመው መጽሐፍ ዛሬ በስሙ የሚጠራውን የቁርጭምጭሚት ስብራት ገለጸ። በዚያው መጽሐፍ የተሰበረውን ዐጥንት ከቦታው የሚያሸሸው የጡንቻ መወጠር እንደ ሆነ፥ ስለዚህም ጕልበቱ ታጥፎ ጡንቻው ሲላላ ዐጥንቱ በቀላሉ እንደሚገጥም አስተማረ። ስለዚህ በፖት መግለጫ ሥጋው ከዐጥንቱ ጋር አብሮ ይገኛል።

ከእርሱ በኋላ አብርሃም ኮሌስ በደብሊን ሳለ በ1814 ዓ.ም. ስለ እጅ አንጓ ስብራት አጭር ጽሑፍ አወጣ። ሰው ሲወድቅ በመዳፉ መሬቱን ሲመክት የሚደርሰው ይህ ስብራት እስከዚያ ዘመን በብዙዎች ዘንድ እንደ ውልቃት ይቈጠር ነበር። በፈረንሳይ አገር የፑቶ ጽሑፍ፥ ከሞቱ በኋላ በ1783 ዓ.ም. የታተመው፥ ይኸን ስብራት አስቀድሞ ገልጾት ነበር፤ ይሁን እንጂ በእንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ዘንድ የኮሌስ ስም ጸና። የኮሌስ መለያ ዘዴ ቀላል ነው። እጁን ሲስቡት ጕብጠቱ ይጠፋል፤ ሲለቁት ይመለሳል። ውልቃት ቢሆን ኖሮ አንድ ጊዜ ከገባ በዚያው በጸና ነበር። ይህን ያገኘው ጨረር ከመታወቁ 81 ዓመት በፊት በመዳሰስ ብቻ ነው። የተጣመመው እጅ ቅርጹ ባይመለስም እንኳ ከጊዜ በኋላ እንቅስቃሴው እንደሚመለስ ማስታወቁ ደግሞ የዐጥንት ቅርጽና የእጅ ጥቅም አንድ እንዳልሆኑ ያስገነዝባል።

እስከዚህ ድረስ የተነገረው ስብራት እንዴት እንደ ታወቀ ነው። እንዴት እንደሚድን ለማወቅ ግን ሌላ ዐይነት ምርመራ አስፈለገ። ጆን ቤልቺየር በ1736 ዓ.ም. በለንደን ማደር የሚባለውን ቀይ የቀለም ሥር ከምግባቸው ጋር የበሉ አሳማዎች ዐጥንታቸው እንደሚቀላ አስታወቀ። ዱአሜል ዱ ሞንሶ የተባለው ፈረንሳዊ ይህን ሰምቶ ከ1739 እስከ 1743 ዓ.ም. ለፓሪስ የሳይንስ አካዳሚ ተከታታይ ጽሑፎች አቀረበ። እንስሳቱን ለጥቂት ጊዜ ቀለሙን እየመገበ፥ ለጥቂት ጊዜ እየከለከለ፥ በዐጥንታቸው ላይ ቀይና ነጭ ንብርብር አገኘ። ዱአሜል የዛፍ ተመራማሪም ስለ ነበረ ዛፍ ከልጡ በታች እንደሚወፍር ሁሉ ዐጥንትም ከሚሸፍነው ስስ ሽፋን ሥር እንደሚያድግ፥ የተሰበረውም ከዚያው እንደሚጠገን ተናገረ። አልብሬክት ፎን ሃለር የተባለው የስዊስ ሊቅ ተቃወመው፤ ክርክሩም ከመቶ ዓመት በላይ ቆየ።

ዛሬ የታወቀው ሥርዐት ሁለቱንም ወገኖች በከፊል ትክክለኛ ያደርጋቸዋል። ዐጥንት ሲሰበር በውስጡና በዙሪያው ያሉ ጥቃቅን የደም ሥሮች ይበጠሳሉ፤ የፈሰሰው ደም በስብራቱ ዙሪያ ይረጋል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ቦታው ያብጣል፥ ይሞቃል፥ የሞተውን የሚያነሡና አዲሱን የሚሠሩ ሕዋሳት ወደዚያ ይጎርፋሉ። በሁለተኛውና በሦስተኛው ሳምንት ከሽፋኑና ከመቅኔው የመነጩ ሕዋሳት እንደ ጆሮ ዐጥንት ለመጥ የሚል ማያያዣ በስብራቱ ዙሪያ ያበቅላሉ። ከዚያ ማያያዣው እየጠነከረ ወደ ዐጥንትነት ይለወጣል። በመጨረሻም ለወራት፥ አንዳንድ ጊዜም ለዓመታት ሰውነት ትርፉን እየፋቀ የጎደለውን እየሞላ የቀድሞውን ቅርጽ ይመልሳል። ቆዳ ሲድን ጠባሳ ይተዋል፤ ዐጥንት ግን በመልካም ሲድን ጠባሳ የሌለበት እውነተኛ ዐጥንት ሆኖ ይመለሳል። የሕፃናት ዐጥንት ከአዋቂ ዐጥንት ፈጥኖ የሚገጥመውም ሽፋኑ ወፍራምና ደም የበዛበት ስለ ሆነ ነው። እንግዲህ አካሚው ዐጥንቱን አያድንም፤ ዐጥንቱን የሚያድነው ደሙ ነው። የአካሚው ሥራ ዐጥንቱን አቃንቶ መያዝና ደሙን አለመከልከል ብቻ ነው።

ይህ ሁለተኛው ግዴታ መዘንጋቱ ምን እንደሚያስከትል የአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት ታሪክ ይነግረናል። አንቶኒዩስ ማታይሰን የተባለው የሆላንድ ጦር ሐኪም በ1851 ዓ.ም. በጄሶ ዱቄት የታሸ ጨርቅ አርጥቦ በተሰበረው አካል ላይ መጠቅለልን ጀመረ፤ ኒኮላይ ፒሮጎፍም በ1854 ዓ.ም. በክሪሚያ ጦርነት ቁስለኞችን በጄሶ አከመ። ዘዴው ዐጥንቱን አጽንቶ ስለሚይዝ በየአገሩ ተስፋፋ። ነገር ግን የተጎዳ አካል ያብጣል፤ ጄሶ ግን አይሰፋም። ሪካርድ ፎን ፎልክማን የተባለው የሃሌ ከተማ የቀዶ ሕክምና መምህር በ1881 ዓ.ም. ከልክ በላይ በታሰሩ ክንዶች ላይ የሚደርሰውን ጉዳት ገለጸ። ደም የተከለከለው ጡንቻ በሰዓቶች ውስጥ ይሞታል፤ ከዚያ ይኮማተራል፤ ጣቶቹ እንደ አሞራ ጥፍር ታጥፈው ይቀራሉ። ጉዳቱ እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል። እነዚያን ክንዶች ያሰሩት ወጌሾች አልነበሩም፤ በዩኒቨርሲቲ የተማሩ ሐኪሞች ነበሩ።

ከዚያ 14 ዓመት በኋላ ቪልሄልም ሮንትገን በቩርትስቡርግ ጨረሩን አገኘ። የ1895 ዓ.ም. ኅዳር ወር ግኝት በተከታዩ ጥር ለስብራት ምርመራ መዋል ጀመረ፤ በአገራችንም ሥዕሉ ራጅ በሚል ስም ይታወቃል። ከዚህ በኋላ የስብራት ቋንቋ ፈጽሞ ተለወጠ። ቀድሞ ስሙ የሚሰጠው በሚዳሰሰው ምልክትና በገላጩ ሰው ነበር፤ አሁን ግን በጥላው መስመር ሆነ። ዐጥንቱን በአግድም የሚቈርጥ፥ በሰያፍ የሚሄድ፥ እንደ ገመድ የሚጠመዘዝ፥ ብዙ ቦታ የደቀቀ፥ በልጆችም ዘንድ እንደ እርጥብ እንጨት በአንድ ወገን ብቻ ተሰንጥቆ በሌላው የሚጎብጥ እየተባለ ተከፋፈለ። በ1958 ዓ.ም. በስዊስ የተቋቋመው የዐጥንት ቀዶ ሐኪሞች ማኅበር ከመሥራቾቹ አንዱ ሞሪስ ሙለር በ1987 ዓ.ም. ባሳተመው መጽሐፍ እያንዳንዱን ስብራት በቍጥርና በፊደል ሰየመው፤ ለላይኛው ክንድ 1፥ ለታችኛው 2፥ ለጭን 3፥ ለቅልጥም 4 ቍጥር ተሰጠ። በዚህ ዘዴ የተለያዩ አገሮች ሐኪሞች አንዱ የሌላውን ቋንቋ ሳያውቁ ስለ አንድ ስብራት ሊነጋገሩ ቻሉ።

ሆኖም ጥላው ደሙን አያሳይም። በ1976 ዓ.ም. በአሜሪካ አገር ጉስቲሎና አንደርሰን ስለ ተከፈቱ ስብራቶች ባቀረቡት ጥናት የአከፋፈሉን መሠረት ወደ ቁስሉ መለሱት። ቁስሉ ከ1 ሳንቲሜትር ያነሰና ንጹሕ ከሆነ የመጀመሪያው ደረጃ ነው፤ ቁስሉ ከዚያ ከሰፋ ሁለተኛው ነው፤ ሥጋው ክፉኛ ከተጎዳ ሦስተኛው ነው። በ1984 ዓ.ም. ሦስተኛው ደረጃ ራሱ ለሦስት ተከፍሎ መጠገን የሚያስፈልገው የደም ሥር የተበጠሰበት ስብራት ከሁሉ የከፋ ተባለ። ዐዋቂዎቹ የደረሱበት ይህ ፍርድ የግብፁ ጸሐፊ ከብዙ ሺህ ዓመት በፊት ቆዳውን አይቶ ከሰጠው ፍርድ ጋር አንድ አቅጣጫ አለው።

በተማሩ ሐኪሞችና በባህል ጠጋኞች መካከል ያለው ክርክርም የኢትዮጵያ ብቻ አይደለም። በእንግሊዝ አገር ጀምስ ፓጄት የተባለው ስመ ጥሩ ሐኪም በ1867 ዓ.ም. የባህል ጠጋኞች ስለሚያድኗቸው ጉዳቶች ለሐኪሞች ትምህርት ሰጠ፤ ጉዳታቸውን ሳይሸሽግ ከእነርሱ የሚወሰደውን መልካም ነገር እንዲማሩ መከራቸው። ዋርተን ሁድ ደግሞ ሪቻርድ ሃተን ከተባለው የለንደን ጠጋኝ ያየውን የእጅ ሥራ በ1871 ዓ.ም. አሳተመ። ከሁሉ የበለጠው ምሳሌ ግን በዌልስ የአንግልሲ ደሴት የነበረው የቶማስ ቤተ ሰብ ነው። ይህ ቤተ ሰብ ዐጥንት መጠገንን ከአባት ወደ ልጅ ሲያወርስ ኖረ። በ1834 ዓ.ም. የተወለደው ሂው ኦወን ቶማስ ግን የአባቶቹን የእጅ ዕውቀት ሳይጥል በኤዲንብራና በለንደን ሕክምናን ተማረ፤ በሊቨርፑልም ለድኾች እያከመ ኖረ። ለጕልበት በሽታ ብሎ የሠራው የብረት መደገፊያ ከሞቱ በኋላ በሚስቱ ወገን ዘመዱ በሆነው በሮበርት ጆንስ አማካይነት በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ለጭን ስብራት ዋለ። በጦርነቱ መጀመሪያ ዓመታት ጭናቸው በጥይት ከተሰበረው ቁስለኞች ግማሽ ያህሉ ወይም ከዚያ የሚበልጡት ይሞቱ እንደ ነበር ይገመታል። በ1917 ዓ.ም. በአራስ ውጊያ መደገፊያው ገና ከጦር ሜዳው ሲታሰርላቸው ከ100 የሞቱት 16 ያህል ብቻ ሆኑ።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ወደ አገራችን ወጌሻ ሲመለሱ ፍርዱ ከቀድሞው ይለያል። ወጌሻ ለገጠሩ ሰው ቅርብ ነው፤ ቋንቋው አንድ ነው፤ ክፍያው ቀላል ነው፤ ከሁሉም በላይ ሕዝቡ ሆስፒታል ከሄድኩ እቈረጣለሁ ብሎ ሲፈራ ወጌሻው እንደማይቈርጥ ያምናል። የሚያሳዝነው ግን ይህ እምነት ራሱ አንዳንድ ጊዜ ወደ መቈረጥ ማድረሱ ነው። የቀርከሃ ስንጣሪ በተሰበረው ክንድ ዙሪያ ተደርድሮ በገመድ ወይም በጨርቅ ሲጠብቅ፥ በተለይም በልጆች ላይ፥ እብጠቱ መውጫ ያጣል፤ ደም ይቋረጣል፤ ጣቱ ይቀዘቅዛል፥ ይጠቍራል። ሕፃኑ ሲያለቅስ ሕመሙ ከስብራቱ የመጣ ይመስላል፤ ለቅሶው ሲያቆምም የተሻለው ይመስላል፤ ነገር ግን ዝምታው የነርቩ መሞት ሊሆን ይችላል። በቀላሉ ሊድን ይችል የነበረው ስብራት እጁን ያሳጣዋል።

በጉራጌ አገር በአጣጥ ሆስፒታል የተደረገው ሥራ፥ ውጤቱ በ2005 ዓ.ም. የታተመው፥ ለዚህ መፍትሔ ያመለክታል። ሐኪሞቹ የአካባቢውን ወጌሾች ሰብስበው የአንድ ቀን ትምህርት ሰጧቸው፤ ሥራቸውን እንዲተዉ ሳይሆን አለማጥበቅን፥ የደም መቋረጥ ምልክትን ማወቅን፥ የተከፈተውን ስብራት ወደ ሆስፒታል መላክን አስተማሯቸው። ከዚያ በኋላ በወጌሻ አስተሳሰር ምክንያት እጅና እግራቸው የተቈረጠባቸው ሰዎች ቍጥር ከቀድሞው ወረደ። የተሰጠው ትምህርት ሂፖክራጥስ ከተናገረው፥ ፎልክማንም በሐዘን ከገለጸው የተለየ አልነበረም።

ስለዚህ የባህል ጥናት ተማሪ ድርሻው ግልጽ ነው። ጠገነ የሚለው ግሥ ለቤትም፥ ለዕቃም፥ ለዐጥንትም ያገለግላል፤ ይህ አነጋገር ዐጥንትን እንደ ተሰበረ ዕቃ አጥብቆ ማሰርን የሚያለምድ እንደ ሆነ ሊመረመር ይገባዋል። ወለምታ፥ ውልቃት፥ ቅጭት፥ ስንጥቅና ስብራት በየአውራጃው ምን ምን ጉዳትን እንደሚለዩ፥ ወጌሻው በምን በምን የእጅ ምልክት እንደሚያውቃቸው፥ የሚታሰርበትን ቀንና የሚፈታበትን ቀን በምን እንደሚቈጥር አረጋውያኑ ሳያልፉ በጽሑፍ መስፈር አለበት። ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠየቀው ግን ይህ ነው፤ ከታሰረ በኋላ ለሚቀዘቅዝና ቀለሙ ለሚለወጥ ጣት ወጌሻው የተለየ ስም አለውን? ስም ያለው ነገር ይፈለጋል፥ ይታያል፥ ለደቀ መዝሙርም ይነገራል። ስሙ ባለበት አገር ትምህርቱ በዚያ ስም ይሰጥ፤ በሌለበት አገር ሐኪሙና ወጌሻው ተነጋግረው ይሰይሙት።